የዳነውን ማን ይቀበለው?

ሕመምተኛን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን ታውቃለህ። እግሩ የተሰበረውን፣ ኩላሊቱን የታመመውን ጠይቀህ፣ ዱዓ አድርገህ ተመልሰሃል። ከአማኑኤል ሆስፒታል የወጣውን የጎረቤትህን ልጅስ ደጁን ረግጠህ ታውቃለህ?

«እሱን እኮ የያዘው ጂን ነው» ትል ይሆናል። የጂንን መኖር የሚክድ ሙስሊም የለም፤ ቁርኣን መቅራትም ሩቅያም ከዲናችን ነው። ነገር ግን አእምሮው የታመመ ሁሉ ጂን የያዘው ነው ያለህ ማን ነው? «ክኒኑን ጣልና ወደ እኔ ና» የሚለውስ ፈትዋውን ከየት አመጣው? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ ከእርጅና በቀር አላህ (ሱ.ወ) መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረውናል። ክኒኑን ያቋረጠው ልጅ በሽታው ሲያገረሽበት ሰንሰለት ፍለጋ የሚሮጠው ሩቅያ አድራጊው አይደለም፤ አባትየው ነው።

የቀደሙት ሙስሊሞች እንዲህ አልነበሩም። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1280ዎቹ ካይሮ ውስጥ ያሠራው ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የወቅፍ ሰነዱ ነው፤ ድኖ ለሚወጣ ሕመምተኛ ልብስ እንዲሰጠው ያዛል። አስበው! ሐኪሙ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሰውየው ወደ ሰው መካከል የሚገባበትን ልብስ ያሰቡ ነበሩ።

እኛ የምናለብሰው ምንድን ነው? «ያ እብድ» የሚል ስም። ሱቅ ከፍቶ ቢነግድ፣ እናቱን ቢጦር፣ ዓመታት ቢያልፉ አይወልቅለትም። ልጃችንን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ «ልጁስ ጨዋ ነበር፣ ግን...» እንላለን። ኢማሙ በየሶላቱ ሶፍ አስተካክሉ ይላሉ፤ እኛ ግን ከእሱ ጎን ስንቆም የአንድ ሰው ቦታ እንተዋለን።

ጫት የተወው ወንድማችን ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ያኛውን እንሸሸዋለን፤ ይህንን ግን ጎትተን እንመልሰዋለን። ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ቤት እስከመግባት ደርሶ የነበረ ሰው አላህ ረድቶት ከተወ ሁለት ወር ሆነው እንበል። ጁምዓ ከሶላት ሲወጣ ጓደኞቹ ይከቡታል። «ምነው፣ ሸይኽ ሆንክ እንዴ? ለዛሬ ብቻ፣ ለጨዋታው ያህል!» ይህን የሚሉት ጠላቶቹ አይደሉም፤ የሚወዱት ናቸው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ጫት ለዒባዳ ያግዛል የሚሉ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ዛሬ ከእነሱ ጋር አልከራከርም፤ ቢያንስ የተወውን «ናፍቀኸናል» ብለው አይጥሩብኝ።

ደግሞስ የት ይዋል? ለዓመታት ከሰዓት በኋላውን ያሳለፈው በርጫ ላይ ነው፤ ሌላ ወዳጅ፣ ሌላ መዋያ የለውም። ከዙህር እስከ ዐስር ያለችው ሰዓት ለእሱ ከሌሊት ትረዝማለች። በዚያች ሰዓት ብዙዎቹ የመስጊድ ኮሚቴዎቻችን ምንጣፉ እንዳይሰረቅ ብለው በሩን ይቆልፋሉ።