ለስግድ ጎንደር ልሂድ ወይስ የእናቴን ቃል ልስማ?

የዛሬዋ ደብዳቤ ጸሐፊ የሐይቅ ልጅ ናት፤ ወሎ። ኑሮዋ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ደብዳቤዋን አሳጥሬ እነሆ።

«24 ዓመቴ ነው። ከአንድ የጎንደር ልጅ ጋር ሁለት ዓመት በፍቅር አሳልፈናል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የእሱ ቤተሰቦች ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ዘንድሮ ለስግድ ጎንደር ሄጄ ቤተሰቡን እንድተዋወቅ ጋበዘኝ። ለእማዬ ደውዬ ብነግራት “በቡዳ ልትበዪ ነው?” ብላ ጮኸችብኝ። በእነሱም ቤት ሰላም የለም። እሱና እህቱ ማታውን ሙዚቃ ከፍተው ለመጨፈር አስበዋል፤ አባታቸው ደግሞ “ስግድ ጾምና ጸሎት እንጂ ጭፈራ ቤት አይደለም” ብለው ተቆጥተዋል። የአባትየው ወንድሞች እስራኤል ናቸው፤ እሳቸው ተራ ሲጠብቁ ዓመታት አለፉ። እኔ በመሀል ምን ልሁን? ልሂድ ወይስ ልቅር? ከሄድኩስ ምን ልልበስ፣ ምን ልያዝ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የተጠራሽበትን በዓል እወቂው። ስግድ ስሙ እንደሚነግርሽ ስግደት ነው፤ ምህላም ይሉታል። ከማስተሰርያ በኋላ ሃምሳ ቀን ተቆጥሮ፣ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ይውላል። በጥንቱ ወግ ሰዉ ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ በጠዋት በጾም ቄሶቹን ተከትሎ ተራራ ይወጣል። ቄሶቹ የግዕዙን ኦሪት ይዘው ይወጣሉ፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም አለ፣ ራስን ዝቅ ለማድረግ። እላይ ይነበባል፣ ይሰገዳል፣ ኢየሩሳሌም ለመግባት ይለመናል። ከሰዓት በኋላ ሲወረድ ታሪኩ ይለወጣል! ጾሙ ይፈታል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ዘፈኑና እስክስታው ይቀልጣል። መጽሐፈ ነህምያ ላይም እንዲሁ ነው፤ ሕጉ ሲነበብላቸው ያለቀሱት ሰዎች፣ ሂዱ ብሉ ጠጡ፣ ለሌለውም ድርሻውን ላኩለት ተብለዋል። ስለዚህ ለቅሶውም ደስታውም የአንድ ቀን ሁለት ፊት ናቸው።

አሁን ወደ አባትና ልጅ ጠብ ልምጣ። ድሮ ለስግድ ስሟ የሚጠራው ከጎንደር ከተማ ብዙም የማትርቀው አምቦበር ነበረች። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎች በሱዳን በኩል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። በዓሉም አብሮ ሄደ። ዛሬ በኢየሩሳሌም፣ አሮጌውን ከተማ ከፊት ለፊት በሚያሳየው ከፍታ ላይ፣ ቄሶቹ በባለቀለም ጃንጥላ ሥር ቆመው ያነባሉ፤ ወጣቱ ከየከተማው በአውቶቡስ ይጎርፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ ምክር ቤት ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ከወጣቶቹ የሚጾም አለ፣ ጓደኛ ለማግኘት ብቻ የሚመጣም አለ። እዚያም ሽማግሌዎች ያጉረመርማሉ፤ የጓደኛሽ አባት ብቻቸውን አይደሉም።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ይህን ለጓደኛሽ ንገሪው። የኢየሩሳሌሙ ወጣት ሲጨፍር የአያቶቹ ልመና ደርሶላቸዋል። አባቱ ግን ገና እየለመኑ ነው! ወንድሞቻቸው እዚያ፣ እሳቸው እዚህ። በቪዲዮ ያየውን ጭፈራ እንዳለ አምጥቶ ጎንደር ቢዘረጋው፣ ሰውዬው «ልመናዬን ረሱት» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ምክሬ እንዲህ ነው። ጠዋቱ የአባት ይሁን፤ ልጆቹም አብረው ይጹሙ፣ አብረው ይቁሙ። ማታ ዳቦው ተባርኮ ከተቆረሰ በኋላ መጀመሪያ የአባትየው ዘፈን ይዘፈን፣ ከዚያ የልጆቹ ይከተል። አብሯቸው የጾመ ልጅ ሲጨፍር ቢያዩ እሳቸውም ትከሻቸውን ሳይነቀንቁ አይቀሩም።

የእናትሽ ነገር ከዚህ ይከብዳል። «ቡዳ» የሚለው ስም ከየት መጣ? ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ኖሩ። ገበሬው ማረሻውን፣ ሴቱ ድስቷን ከእነሱ እጅ ተቀበለች፤ ያንኑ እጅ ግን ፈራነው። እነሱም በበኩላቸው በንጽሕና ሕጋቸው ምክንያት ሌላውን አይነኩም ነበርና «አትንኩኝ» ተባሉ። ዕውቀት ባለበት ዘመን ይህን ተሸክሞ መኖር ነውር ነው። ለእናትሽ ግን «ኋላ ቀር ነሽ» አትበያት። ይልቅ ወሎዬነቷን አስታውሻት! ለሠርግ የክርስቲያኑ ሥጋ ለብቻ፣ የእስላሙ ሥጋ ለብቻ ተሠርቶ ሁሉም በአንድ ደስታ የሚታደመው እናንተው አገር አይደለም እንዴ? እምነቱን ሳይለቅ የሌላውን ደስታ መታደም እሷ ያስተማረችሽ ወግ ነው። አንቺ የጨመርሽው አንድ ጎረቤት ብቻ ነው። ደብቀሽ ግን እንዳትሄጂ፤ በኋላ ከሌላ ሰው ብትሰማ የምታዝነው በስግድ ሳይሆን በአንቺ ነው።

እንግዲህ ከሄድሽ ነጭ የአገር ልብስና ነጠላ ይበቃሻል። ከውጭ የበሰለ ምግብ፣ በተለይ ሥጋ፣ ይዘሽ አትሂጂ፤ የሚበሉት በራሳቸው ሥርዓት የታረደውን ነው። ጥሬ ቡናና ፍራፍሬ መልካም ነው። «ፈላሻ» የሚለው ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ፤ አይወዱትም። መጾም ግዴታሽ ባይሆንም በሚጾም ሰው ፊት አትብዪ። የት መቆም እንዳለብሽ እህቱን ጠይቂያት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ልጅ ስለሆንሽ ይህ አይከብድሽም፤ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት እንደማትገባ እያወቅሽ፣ ቅር ሳይልሽ ከደጅ ተሳልመሽ ያደግሽ ነሽ። ማተብሽንም መፍታት የለብሽም፤ የተጠራሽው በእንግድነት ነው።

የጋብቻው ጉዳይ ሌላ ወሬ ነው፤ በበዓል ቀን አታንሱት። በሁለታችሁ መካከል፣ በእርጋታ፣ ከቀለበት በፊት ተነጋገሩበት።

ስለዚህ ሂጂ ነው የምለው፤ ለእማዬ ነግረሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ። ስትመለሺም ከጎንደር ቀጥታ አዲስ አበባ አትግቢ። ሐይቅ ጎራ በይና እናትሽ በዓይኗ ትይሽ፤ ማንም እንዳልበላሽ ከዚያ የሚበልጥ ማስረጃ የለም።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ፣ ሰላም ሁኑልኝ!