ሞግዚት ወይስ ማቆያ? የጀሞ እናት ሒሳብ

የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ልጁን ማን ይያዝ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖርና የሦስት ወር ሕፃን ትታ ወደ ሥራ የምትመለስ የባንክ ሠራተኛ ሁለት ገበያ ይጠብቃታል። አንዱ የሞግዚት፣ ሌላው የሕፃናት ማቆያ ነው። ሞግዚት የሚመርጡ ብዙዎች ርካሽ ነው ይላሉ። ሒሳቡ በአግባቡ ሲሠራ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

የሞግዚት ዋጋ የወር ደመወዝ ብቻ አይደለም። ቀለቡ፣ ሳሙናው፣ መኝታው፣ የዓመት በዓል ልብሱና የደላላው ኮሚሽን አሉ። ደላላው የሚከፈለው ሠራተኛ ባስገባ ቁጥር እንጂ በቆየችበት ጊዜ ልክ አይደለም። በመሆኑም ሞግዚቷ ስትለቅ ለቤቱ ኪሣራ፣ ለደላላው አዲስ ገቢ ይሆናል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሞግዚት ብትለቅና ምትክ ለማግኘት በየጊዜው አንድ ሳምንት ቢፈጅ፣ ቅዳሜን ጨምሮ የምትሠራ እናት 12 ያህል የሥራ ቀናት ታጣለች። አዋጁ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀናት መሆኑን ልብ ይሏል።

ዋጋው የሚወሰነውም በጀሞና በሳሪስ ደላሎች ብቻ አይደለም፤ በሪያድና በጅዳም ጭምር ነው። ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ በመሄድ ላይ በ2006 ዓ.ም ተጥሎ የነበረው እገዳ በ2010 ዓ.ም ተነሥቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሪያል የሚከፈል ደመወዝም በብር ሲመነዘር በዚያው መጠን አደገ። ይህን የሰማች ሞግዚት እዚህ ለመቆየት ጭማሪ ብትጠይቅ አይፈረድባትም።

በማቆያ ያለው ስሌት የተለየ ነው። ለምሳሌ አንዲት ተንከባካቢ 5 ሕፃናት ብትይዝ፣ የ2,000 ብር የደመወዝ ጭማሪ በአንድ ወላጅ ላይ የሚያርፈው 400 ብር ብቻ ነው። እቤት ውስጥ ግን 2,000ው ብር በሙሉ የአንድ ቤተሰብ ሸክም ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸው ነው። አንዷ ተንከባካቢ ብትቀር ሌላዋ ትሸፍናለች፤ እናትየዋ ከሥራ አትቀርም።

ይሁንና ማቆያም የራሱ ጉድለት አለው። በ11፡30 የሚዘጋ ማቆያ፣ ሜክሲኮ ላይ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ለምትጠብቅ እናት አይጠቅምም። ሁለት ልጆች ያሏት እናት በማቆያ ሁለት ጊዜ ትከፍላለች፤ ሞግዚቷ ግን ሁለቱንም ይዛ ወጥም ትሠራለች። ስለዚህ ሁለተኛ ልጅ ሲወለድ ሚዛኑ ወደ ቤት ሊያጋድል ይችላል። ለአንድ ልጅ ግን፣ በእግር የሚደረስበትና እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የሚሠራ ማቆያ ከተገኘ፣ ማቆያው ይሻላል።

ችግሩ እንዲህ ያለው ማቆያ በቀላሉ አለመገኘቱ ነው። ትልቁ ወጪ የቤት ኪራይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቢያንስ የ2 ዓመት ውል ያረጋገጠው ለመኖሪያ ቤት ተከራይ ነው፤ ግቢ ተከራይቶ ማቆያ ለሚከፍት ነጋዴ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ቢደነግግም፣ የጥቅሙ ተካፋይ የመንግሥት ሠራተኛዋ እንጂ የግል ባንክ ወይም የሳሪስ ፋብሪካ ሠራተኛዋ አልነበረችም።

መፍትሔው ከደጅ ሊገኝ ይችላል። በየኮንዶሚኒየሙ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለምግብ ማብሰያ ተብለው የተሠሩ የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች፣ በተለምዶ ኮሚናል የሚባሉት፣ አሉ። የነዋሪዎች ማኅበራት ከእነዚህ አንዱን በተመጣጣኝ ኪራይና በረዥም ጊዜ ውል ለማቆያ ቢሰጡ፣ ማኅበሩ ቋሚ ገቢ፣ እናቲቱም በእግር የሚደረስ ማቆያ ያገኛሉ። ኪራዩ ሲቀንስ ክፍያውም ይቀንሳል። የመዝጊያ ሰዓቱንም ማኅበሩ በውሉ ውስጥ ማስገባት ይችላል።

ተጠቃሚዋ እናት ብቻ አይደለችም። አዋጅ 1156 በግል ቤት የሚቀጠሩትን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። በማቆያ ተቀጥራ ተመሳሳይ ሥራ የምትሠራዋ ግን የሥራ ሰዓቷ፣ የዓመት ፈቃዷና የወሊድ ፈቃዷ በአዋጁ የተጠበቀ ነው። የሞግዚት ዋጋ ርካሽ መስሎ የቆየው ልዩነቱን ሞግዚቷ ከራሷ ሰዓትና ዕረፍት ስትከፍል ስለኖረች ነው። የጀሞ ማኅበራት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያቸው ስለ ኮሚናሉ ኪራይ ሲወያዩ፣ ከግሮሰሪና ከመጋዘን አስቀድመው ይህን ሒሳብ ቢያዩት ይበጃል።