ቦርሳው ለትከሻው ወይስ ትከሻው ለቦርሳው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከእንፍራንዝ ወደ ባሕር ዳር መጣች። ቤተሰቧ ከጤፍና ከሽምብራ ሽያጭ ባጠራቀመው ገንዘብ ላፕቶፕ ገዝቶላታል። ከመኪና ስትወርድ ግን ዓይኔ ያረፈው በተሸከመችው ቦርሳ ላይ ነበር። ልጅቷ ቁመቷ 1 ሜትር ከ50፣ ክብደቷም 45 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ቦርሳው ግን ከአንገቷ በላይ ተነሥቶ ከዳሌዋ በታች ይወርዳል። ከኋላ ለሚያያት ሰው ቦርሳው እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። «ለምን ይህን መረጥሽ?» ብዬ ብጠይቃት «አጎቴ፣ ሻጩ ‹ትልቁን ውሰጂ፣ ሁሉን ይይዝልሻል› አለኝ» ስትል መለሰችልኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው። ቦርሳ ስንገዛ ዘወትር የምንጠይቀው «ምን ያህል ይይዛል?» ወይም «ያምራል ወይ?» ብለን ነው። በእኔ አስተያየት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «በማን ጀርባ ላይ ያርፋል?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

«ይህማ የጥቂት አጫጭር ልጃገረዶች ጉዳይ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በአሜሪካ የልብስ ንግድ ቁመቷ 1 ሜትር ከ63 ገደማና ከዚያ በታች የሆነ ሴት ለብቻው በተለየ የአጭር ሴቶች መጠን ትስተናገዳለች። የኢትዮጵያውያት አማካይ ቁመት ደግሞ 1 ሜትር ከ56 ያህል ነው። እንግዲህ በሌላው ዓለም «ትንሽ» የምትባለው ሴት በእኛ አገር መካከለኛዋ ናት ማለት ነው። ከውጭ ለሌላ ሰውነት ተለክቶ የመጣ ቦርሳ ባይስማማን ጥፋቱ የትከሻችን አይደለም።

ነገሩን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ፊዚክስ እንመልከተው። ላፕቶፑ 2 ኪሎ፣ ቻርጀሩ 0.4፣ ደብተርና መጽሐፍ 1.5፣ አንድ ሊትር ውኃ 1፣ ባዶው ቦርሳ ራሱ 1.1 ኪሎ ቢመዝኑ ድምሩ 6 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህም ከእህቴ ልጅ ክብደት 13 በመቶ ያህል ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የተማሪ ቦርሳ ከሰውነት ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራልና ክብደቱ ብቻውን ከልክ ያለፈ አይደለም። ችግሩ ያለው በርቀቱ ላይ ነው።

የጭነቱ የክብደት ማዕከል ከአከርካሪ አጥንት 20 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ የሚጎትተው የማዞር ውጤት፣ ማለትም ቶርክ፣ 6 × 9.8 × 0.20፣ ወደ 11.8 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ያው ጭነት ወደ ጀርባ ተጠግቶ ርቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግን ቶርኩ 7.1 ኒውተን ሜትር ብቻ ይሆናል። አንድም ደብተር ሳይቀነስ 40 በመቶ ቀለለ ማለት ነው። ተሸካሚዋ ወደ ኋላ ላለመውደቅ ወገቧን ወደ ፊት አጥፋ አንገቷን የምትሰግገው ይህን ቶርክ ለመመከት ነው። ትልቅ ቦርሳ ግማሹ ባዶ ሲሆን ዕቃው ከታች ይከማቻል፤ ቦርሳውም ከጀርባ ይርቃል። ስለዚህ «ትልቁ ይሻላል» የሚለው ምክር በትንሽ ጀርባ ላይ ሲሠራበት ጉዳት ይሆናል።

እናቶቻችን ይህን ሕግ ያለ ቀመር ያውቁታል። ሕፃኑን በአንቀልባ ሲያዝሉ አጥብቀውና ከፍ አድርገው ከጀርባቸው ጋር ያጣብቁታል እንጂ አላልተው አያንጠለጥሉትም። የአሸካከም ዘዴ የጭነቱን ያህል እንደሚቆጠር ሳይንስም መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች የክብደታቸውን 20 በመቶ ያህል ተሸክመው ሲሄዱ ተጨማሪ ጉልበት እንደማያወጡ አሳይቷል። ሉኦዎቹ በራሳቸው ላይ፣ ኪኩዩዎቹ ደግሞ በግንባር በሚታሰር ጠፍር በጀርባቸው ይሸከማሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ የማንገቻው ስፋት ነው። ለስሌት እንዲመቸን 6 ኪሎው ለሁለቱ ትከሻዎች እኩል ተካፍሎ በእያንዳንዱ ላይ 29.4 ኒውተን ያርፋል እንበል። ማንገቻው 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት በ10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ትከሻን ቢነካ ግፊቱ 9.8 ኪሎ ፓስካል ነው። ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግፊቱ በግማሽ ወርዶ 4.9 ይሆናል። ቀጭኑን ማንገቻ በአንድ ትከሻ ብቻ አንጠልጥላ ለምትሄድ ልጅ ግን 19.6 ይደርሳል። ወደ ክንድ የሚሄዱት ነርቮች በዚያው በትከሻ አካባቢ ያልፋሉና የጣት መደንዘዝ ሲያጋጥም ከማንገቻው መጠርጠር ይገባል።

እዚህ ላይ እውነቱን ማጋነን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የታተመ የጥናቶች ግምገማ የትምህርት ቤት ቦርሳ በልጆች ላይ የጀርባ ሕመም እንደሚያመጣ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ «ቦርሳሽ አከርካሪሽን ያጣምመዋል» ብዬ ማንንም አላስፈራራም። ነገር ግን በየዕለቱ ያለ ምክንያት መድከም፣ ትከሻን መቁሰል፣ በብዙ ልፋት የተገዛ ላፕቶፕም በሰፊ ቦርሳ ውስጥ እየተንገላታ መጎዳቱ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

እንግዲህ ምርጫው እንዴት ይሁን? በመጀመሪያ ራስን መለካት ነው። አንገት ሲጎነበስ ከሥሩ ጎልቶ ከሚዳሰሰው አጥንት ተነሥቶ እስከ ዳሌ አጥንት የላይኛው ጠርዝ ያለው ርዝመት ይለካ። ይህ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የቦርሳው ቁመት ከዚያ ባይበልጥ ይመረጣል።

ቀጥሎ ላፕቶፑ ይለካ። የላፕቶፕ ኢንች የሚነግረን የገጹን ሰያፍ ርዝመት እንጂ የመሣሪያውን ወርድ አይደለም። ወርድና ቁመቱ 16 ለ 9 የሆነ ባለ 15.6 ኢንች ገጽ፣ በፓይታጎረስ ሕግ ሲሰላ፣ ወርዱ 34.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 13.3 ኢንቹ ግን 29.4 ብቻ ነው። ላፕቶፑ ገና ካልተገዛ ትንሹን መምረጥ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ከዚያ በኋላ የላፕቶፑ ኪስ ከጀርባ ጋር የተጣበቀ፣ ማንገቻው ሰፊና ስፖንጅ ያለው፣ በዘለበት የሚጠብቅና የሚላላ መሆኑ ይታይ። ጠባብ ትከሻ ላላት ልጅ ማንገቻዎቹን በደረት ላይ የሚያያይዝ ጠፍር ቢኖረው መልካም ነው፤ እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። ቆዳ ያማረ ቢሆንም ባዶውን ይከብዳልና ከመግዛት በፊት ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። የሐምሌና የነሐሴን የጣና ዳር ዝናብ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ዚፑ መከደኛ እንዳለው ሳያይ አይገዛም።

ስለ ውበት መጠየቅን እንደ ከንቱነት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልስማማም። ልጅቷ ያፈረችበትን ቦርሳ በሥርዓት አታነግተውም፤ በአንድ እጇ አንጠልጥላ ትሄዳለች። ደግሞስ ውበትና ልክ መቼ ተለያዩና? በጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት የሚቀመጡበትን ማኅደር ተመልከቱ። ቆዳው በመጽሐፉ ልክ ተሰፍቶ፣ ማንገቻ ተበጅቶለት፣ በትከሻ ይያዛል፤ በግድግዳም ይሰቀላል። የሚያምረው ልክ ስለሆነ ነው።

የእህቴ ልጅ ትልቁን ቦርሳ ለረጅሙ ወንድሟ ሰጥታ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 600 ግራም ክብደት ያለው፣ ቀለሙን ራሷ የወደደችውን ገዛች። የውኃዋንም መያዣ በግማሽ ሊትር ለወጠች። ጭነቷ ከ6 ወደ 5 ኪሎ ወረደ።

ለአንዲት ልጅ ይህ ይበቃል፤ ለአገር ግን አይበቃም። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። የተማሪዎቻችንን ጀርባና ትከሻ ለክቶ፣ በሦስት መጠን የተዘጋጀ ቀላልና ያማረ ቦርሳ መንደፍ ለአንድ የመመረቂያ ሥራ የሚበቃ ርዕስ ነው። እስከዚያው ድረስ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ወደ ሱቅ ስትሄዱ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «ሁሉን ይይዛል» ሲላችሁም «እኔንስ ይይዘኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።