«ልጅ አይደል? ይረሳዋል»

«ልጅ አይደል? ይረሳዋል።» ይህችን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም። ለቅሶ ቤት እንሰማታለን፤ ከጦርነት ማግስት እንሰማታለን፤ ተፈናቃይ ባለበት ሁሉ እንሰማታለን። እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛም ብለናታል። ዛሬ ግን ልንጣላት ተነስተናል።

ጠቡን ሐይቅ ላይ እንጀምረው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው። ወደ ሰሜን ገፋ ሲሉ ደግሞ አንዱ ቅኝታችን ስሙን የወረሰው አምባሰል አለ። ለእኛ ለከተሜዎቹ ሁለቱም የዘፈንና የፎቶ አገር ናቸው። የልጆቹ ታሪክ ግን ሌላ ነው።

በ1977ቱ ረሃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ሐይቅ አቅራቢያ፣ ጃሪ በተባለ ቦታ፣ በውጭ ድርጅት በተቋቋመ የሕፃናት መንደር ተሰባሰቡ። በልተዋል፣ ለብሰዋል፣ ተምረዋል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የመንደሩ ኃላፊ የነበረ የውጭ ዜጋ ሕፃናቱን ይደፍር እንደነበር ከዓመታት በኋላ ተጋለጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት 9 ዓመት እስራት ፈረደበት። ልጆቹ ከዘመድና ከጎረቤት ዓይን ርቀው ሁሉ ነገራቸው በአንድ ተቋም እጅ ወድቆ ነበር። «ማን ይጠብቃቸው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ሊጠየቅ ይገባል።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ሐይቅና አካባቢው ከተማዋ ኅዳር ማብቂያ ላይ እስክትመለስ ድረስ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማና ሰው ሲሸሽ ከረመ። ያ ሳያልፍ ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች መጡ። የት ሰፈሩ? ጃሪና «ቱርክ ካምፕ» በሚባሉት መጠለያዎች። ያው ጃሪ። በአንድ የቦታ ስም ሥር ሁለት ትውልድ ሕፃናት ተጠልለዋል፤ እኛ ግን አሁንም «ይረሳዋል» እንላለን።

አይረሳውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሕፃን አንጎል በየሰከንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶችን እንደሚሠራ የዘርፉ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ፍርሃት ሲበረታና አባባይ ሲጠፋ አካል የጭንቀት ሆርሞን ማመንጨቱን አያቆምም፤ ይህ ሲቆይ ትኩረትን፣ ትዝታንና ስሜትን የሚገዙትን የአንጎል ክፍሎች ይጎዳል። ክፍል ውስጥ «ደንቆሮ» ወይም «ባለጌ» የምንለው ልጅ ብዙ ጊዜ ገና ያልተረጋጋ ልጅ ነው። በር ሲንኳኳ የሚበረግገው፣ በስምንት ዓመቱ አልጋ የሚያረጥበው፣ ጓደኛውን ያለ ምክንያት የሚመታው እሱ ነው። ቃል ስለሌለው በአፉ አልነገረንም እንጂ በሰውነቱ እየነገረን ነው።

ተስፋ የለም ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። እ.ኤ.አ. በ2000 ቡካሬስት ውስጥ በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት ላይ ጥናት ተጀመረ። ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ተላኩ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ እድገት ተሽለው ተገኙ፤ ከሁሉም ይልቅ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት። ሕንፃና አልጋ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። አንድ የማይለወጥ፣ ሲጠሩት «አቤት» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ደግሞ ወሎ ያውቀዋል። የሌላን ልጅ የጡት ልጅ አድርጎ ማሳደግ ለዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ሞት ሲመጣ ቅሬው ይደርሳል፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤት የሚጋቡበት፣ ዱበርቲዎች ቡና አቅርበው ለልጅ ዱዓ የሚያደርጉበት አገር ነው። እሹሩሩም ቢሆን ተራ ዘፈን አይደለም፤ የሚርገበገብን ልብ በጀርባ ሙቀትና በዝግታ ምት ማርጋት ነው። እንቆቅልሽንም አስቡት። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ልጁ ተራውን ይጠብቃል፣ ይስቃል። የአንጎል ሊቃውንት ለልጅ እድገት መሠረት ነው የሚሉት የመጥራትና የመመለስ ጨዋታ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ታዲያ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል? አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሆቴል አዳራሽ። ሦስት ቀን ወርክሾፕ፣ ባነር፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ፤ አራተኛው ቀን ላይ ሠልጣኙ ወደ ቤቱ፣ ሪፖርቱ ወደ ለጋሹ። የቅሬው ዳኛም፣ ዱበርቲዋም፣ የኔታም፣ ሼኩም አዳራሹ ውስጥ የሉም። ልጁ በሚያለቅስበት ሌሊት ግን ያሉት እነሱ ናቸው።

ደግሞ ባህላችንን ስናወድስ ዓይናችንን አንጨፍን። ልጅን በበርበሬ የሚያጥነውም፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውም፣ ሌሊት የሚቃዠውን ልጅ «ጋኔን ይዞታል» ብሎ የሚገርፈውም ባህል ነን ባይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ የአካል ቅጣትን ከከለከለ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው፤ አለንጋው ግን ዛሬም ከእጅ አልወጣም። ጦርነት ያስደነገጠውን ልጅ በዱላ ማረጋጋት እሳትን በጋዝ እንደማጥፋት ነው። የሚያባብለውን ባህል እንያዝ፣ የሚያስደነግጠውን እንተው። ሁለቱን መለየት የማይችል «ባህላችን» ባይ ለእኛ ጠበቃ አይሆንም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ወላጅ ያጣ ልጅ በቅድሚያ ዘመድ ወይም ጎረቤት ዘንድ ይደግ፤ ድጋፉም ከሕንፃው በፊት ወደዚያ ቤት ይግባ። ሕፃናት የሚኖሩበት ማንኛውም ተቋም የአካባቢው ሰው ገብቶ የሚያየው፣ ልጁም አቤት የሚልበት ይሁን። በመጠለያ ውስጥ ትምህርት ቶሎ ይጀመር፤ ነገ ምን እንደሚሆን ማወቅ ብቻውን ለፈራ ልጅ እረፍት ነው። መምህሩም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ በቁጣ ከመጠየቁ በፊት «ምን ደረሰብህ?» ይበል።

በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ የጠፋው ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ሰጥቶም ይገላገላል። እነዚህ ልጆች የጠየቁንን መመለስ እንዳቃተን ግልጽ ነው። እንግዲያስ በደንቡ መሠረት አገር እንስጣቸው፤ ያውም የማያስበረግግ አገር።