ሣሩም ስም አለው

«ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ስለ ጦርነት ወሬ በተነሣ ቁጥር አንዳችን ይህን እንጠቅሳለን፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እኛ ግን አባባሉ ሁለት ነገር ይሸሽጋል እንላለን። አንደኛ፣ ዝሆን ሣሩን የሚረግጠው ሳያስበው ነው። ሁለተኛ፣ ሣር ስም የለውም።

እስቲ የገበያን ቀን እንመልከት። ለትንሽ ከተማ የገበያ ቀን ነፍሷ ነው። ገበሬው እህሉን በአህያ ጭኖ፣ ባልቴቷ ዶሮዋንና እንቁላሏን ይዛ ከሩቅ ይመጣሉ። ጦርነት ነው ተብሎ አይቀርም፤ ጨው ያልቃልና። ቀኑንም አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ወዳጅም ጠላትም።

ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰኞ ነበር፤ በስፔን በባስኮች አገር የጌርኒካ ከተማ የገበያ ቀን። ፍራንኮን የሚረዱ የጀርመንና የኢጣልያ አይሮፕላኖች ከተማይቱን ሦስት ሰዓት ያህል ደበደቧት። የፍራንኮ ወገንም «ያቃጠሏት ባስኮች ራሳቸው ናቸው» አለ።

ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር፤ በትግራይ የሐውዜን የገበያ ቀን። የደርግ መንግሥት አይሮፕላኖች እየተመላለሱ ገበያተኛውን ፈጁት። በዚያ ዘመን በትግራይ ብዙ ገበያዎች አይሮፕላንን በመፍራት ወደ ሌሊት ተዛውረው ነበር። ጨው ለመግዛት ጨለማን መጠበቅ ምን ዓይነት ኑሮ እንደ ሆነ ልብ ይሏል።

ልክ በ33ኛው ዓመት፣ ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከመቀሌ ብዙ በማትርቀው በቶጎጋ ገበያ ላይ ቦምብ ወደቀ። የሠራዊቱ ቃል አቀባይ የተመቱት ታጣቂዎች ናቸው አለ፤ ሐኪሞች ከተቀበሏቸው ቁስለኞች መካከል ግን ሕፃናት ነበሩ።

«ታጣቂ ከገበያተኛው ጋር ተደባልቆ ቢሆንስ?» የሚለን አይጠፋም። ይሁንና አንድ ታጣቂ ጨው ሊገዛ ስለ ገባ ጨው ሻጪቱ ወታደር አትሆንም። የገበያን ቀን እያወቀ በገበያ ላይ ቦምብ የሚጥል ሰው፣ ሣሩን ሳላይ ረገጥሁት ሊል አይችልም።

ወደ ሁለተኛው ነገር እንምጣ። ወታደር በመዝገብ ተጽፎ ይዘምታል፤ ሲሞትም ከመዝገብ ይሠረዛል። ገበያተኛ ግን ከየመንደሩ የተሰበሰበ ስለ ሆነ አንድ መዝገብ የለውም። በጌርኒካ የባስክ መንግሥት ከ1,600 በላይ ሰው ሞተ ሲል፣ የኋላ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ከ300 አይበልጥም ይላሉ። ለሐውዜንም አንዱ 1,800፣ ሌላው 2,500 ይላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት 700 ነፍሳት እነማን ናቸው? እናት አልነበራቸውምን?

እዚህ ላይ ወቀሳው ወደ ራሳችን ይመለሳል። በመኝታ ቤታችን ስንከራከር አንዳችን ቶጎጋን ሲያነሣ፣ ሌላችን በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. በቆቦ የትግራይ ኃይሎች ገደሏቸው የተባሉትን ያልታጠቁ ሰዎች በመልስ እናነሣለን። የአንዱን ሙት በሌላው ሙት እናጣፋለን። ይህ ሐዘን አይደለም፤ ሒሳብ ማወራረድ ነው። የቆቦው ገበሬና የቶጎጋዋ ሸማች ቢገናኙ የሚነጋገሩት ስለ እህል ዋጋ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በሚመጣው ዕረፍት ወደየትውልድ ከተማችን ስንመለስ፣ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ዘንድ ተቀምጠን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ በዚያን ቀን ማን ምን ሊሸጥ ወጥቶ እንደ ቀረ እንጻፍ። በየትኛው ወገን ጥይት ሞተ ብለን አናበላልጥ። የሚያስታውሱት ሰዎች አርጅተዋል፤ እኛም ነገ ተመርቀን እንበተናለን።

ታሪክ ስንማር የነገሥታቱን ስም በቃል አጥንተናል። እስቲ ደግሞ የእንቁላል ሻጪቱን ስም እንጠይቅ።