የብዕር ጭሰኝነት

በጀማሪ ጸሐፍት ዘንድ እንደ ወንጌል የሚሰበክ አንድ ምክር አለ። «ጻፍና በፌስቡክ ልቀቀው፤ ብሎግ ክፈት፤ በቴሌግራም ተከታይ አፍራ፤ ዋጋ አትጠይቅ፤ ስምህ ሲገን እንጀራው ራሱ ይመጣል» ይላል። ፍሪላንስ የሚባለው፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሳይቀጠር በብዕሩ ለማደር የሚሻው ጸሐፊም ይህን አምኖ ዓመታት ይገብራል። ስም ከመቃብር በላይ እንደሚውል አበው ተናግረዋል፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው ግን ከመቃብር በፊት ነው።

ምክሩ የተነሣበት ችግር ሐሰት አይደለም። የአማርኛ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ ያደረው በመጽሐፉ ገቢ ሳይሆን በደመወዙ ነው፤ ቀን መምህር፣ ጋዜጠኛ ወይም የቢሮ ሠራተኛ፣ ሌሊት ደራሲ ሆኖ ኖሯል። ደመወዝ የሚከፍል እጅ ብዕርንም ሊይዝ እንደሚችል የበዓሉ ግርማ ዕጣ ይመሰክራል። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ታትሞ እንደ ወጣ መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። እንግዲህ በራስ ብዕር ማደር የምቾት ጥያቄ ሳይሆን የነጻነት ጥያቄ ነው። ደጅ ሳይጠና፣ የአሳታሚን ፊት ሳያይ ከደሴ ወይም ከደብረ ማርቆስ የሚጽፍ ወጣት ያንኑ ዕለት በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ መነበቡም ታላቅ በረከት ነው። ይህን የሚክድ ተከራካሪ ከእውነት ጋር ተጣልቷል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መድረክ ማግኘትና የመድረክ ባለቤት መሆን እንደ አንድ ነገር ተቆጥረዋል። ጭሰኛ በሰው መሬት ላይ ይዘራ ነበር፤ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር፤ ባለመሬቱ በቃኝ ባለው ዕለትም ይነቀል ነበር። ያ ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ በሕግ አከተመ። የዛሬው የማኅበራዊ ሚዲያ ጸሐፊ ግን ሲሶ አራሽ እንኳ አልሆነም፤ ጭሰኛው ቢያንስ የድርሻውን ወደ ቤቱ ይዞ ይገባ ነበር። በፌስቡክ ውል መሠረት የጽሑፉ ባለቤትነት በጸሐፊው እጅ ይቆያል፤ ኩባንያው ግን ጽሑፉን ያለ ክፍያ በመላው ዓለም እንዲገለገልበት ፈቃድ ያገኛል። ጽሑፉን ማን እንደሚያየው የሚወስነው የኩባንያው ቀመር ነው። በጽሑፉ ዙሪያ የተሰበሰበውን ዓይን ለአስተዋዋቂ የሚሸጠውም ኩባንያው ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም በኢትዮጵያ በተዘጉ ጊዜ፣ በዓመታት ድካም የተሰበሰበ አንባቢ በአንድ ሌሊት ከጸሐፊው እጅ ወጣ፤ በስውር መንገድ ገብቶ የሚያነብ ብቻ ቀረ። የአንባቢዎቹን አድራሻ ራሱ ያልያዘ ጸሐፊ ወዴት ሄዶ ይጥራቸው?

ከኪሳራው ሁሉ የሚከፋው ግን በጽሑፉ ላይ የሚደርሰው ነው። የላይክ ቁጥር አርታኢ ሲሆን፣ ዓረፍተ ነገር ለጭብጨባ ይቆረጣል። ዛሬ የሰፈር ጠብ ካለ ዛሬውኑ ቁጣ ይጻፋል፤ በዓል ከሆነ የበዓል ስንኝ ይደረደራል። ሦስት ዓመት ሊበስል የሚገባው ልብ ወለድ በሦስት መቶ ቁርጥራጭ ተበትኖ ያልቃል። ከአለቃ ቁጣ ያመለጠ ብዕር ለጭብጨባ ካደረ፣ ጌታ ለወጠ እንጂ ነጻ አልወጣም።

ይህ ማለት መሣሪያው ይወገድ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ላይ ነው፤ ማተሚያው የባዕድ መሆኑ ድርሰቱን የባዕድ አላደረገውም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ላልቆጠረው ወገን ሳይቀር ደርሷል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከሬዲዮው በስተጀርባ ሙሉ መጽሐፍ መኖሩ ነው። ሬዲዮው ጠሪ ነበር፤ ጎተራው መጽሐፉ ነበር። ዛሬ ጠሪውን ጎተራ ያደረገ ጸሐፊ ላም አለኝ በሰማይ ይላል፤ ወተቷን የሚያልበው ሌላ ነው።

ፌስቡክ በተመሠረተበት በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጥቷል። አዋጁ ሥራውን የማባዛት፣ የማሰራጨትና የመተርጎም መብትን ለደራሲው ይሰጣል፤ ጥበቃውም በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ይዘልቃል። ሕጉ ካለ የጎደለው የጸሐፍት ድፍረትና ኅብረት ነው። በመሆኑም ጸሐፊው ለማኅበራዊ ሚዲያው ቅምሻውን ሰጥቶ ማዕዱን ለራሱ ያስቀር። ያለ ጽሑፍ ውል አይሥራ፤ የአንባቢዎቹን አድራሻ ራሱ ይያዝ፤ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረውን ቴሌብርን የመሰለ መክፈያ እያለ፣ ወዳጅ አንባቢን ዋጋ መጠየቅ አይፈር። ለድንኳኑ፣ ለድምፅ ማጉያውና ለምሳው በጀት ይዞ ገጣሚውን «ስምህ ይተዋወቅልሃል» ብሎ የሚሸኝ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህን ነውር ነው ብሎ ይተው። የደራስያን ማኅበራትም ለጀማሪው የሚያገለግል አብነታዊ ውልና ከዚያ በታች የማይሠራበት ዝቅተኛ ዋጋ ያውጡ፤ ብቻውን የሚደራደር ጸሐፊ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነውና።

አንባቢም ከተጠያቂነት አያመልጥም። መጽሐፍን ገጽ በገጽ ገልብጦ በቴሌግራም የሚያድል ሰው ዕውቀት እያስፋፋሁ ነው ይላል፤ በውነቱ ግን የሚቀጥለው መጽሐፍ እንዳይጻፍ እየከለከለ ነው። የሚወደውን ደራሲ በላይክ የሚያመሰግን ሕዝብ፣ የዳቦ ጋጋሪውን ሒሳብ በጭብጨባ ከፍሎ አያውቅም። ብዕርም እንደ ማረሻ የሥራ መሣሪያ ነው፤ የዘራ ይጨድ፣ ያጨደም በገዛ ጎተራው ያግባ።