ዝግታው ስለ ምን ይነቀፋል?

ዩዛኪ ሳካኦሚ ከሣሉት ማንጋ ተወስዶ፣ የጃፓኑ ኤንኤችኬ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳየውን የምግብ ሠሪዋንና የበይዋን ሴት ድራማ፣ «ከማብሰልና ከመጉረስ በቀር ምን ተደረገበት? ፍቅሩም ዘገየ» እያሉ የሚነቅፉ ሰዎች አጋጥመውናል። እኛ ግን እነዚህ ሰዎች ድስቱን እንጂ ነገሩን አላዩም እንላለን።

ኖሞቶ ማብሰል ትወዳለች፤ የምትበላው ግን ጥቂት ነው። ለገዛ ደስታዋ የምትሠራውን ሁሉ ሰዎች ለወንድ ሲባል የተለማመደችው ሙያ ያደርጉባታል። ጎረቤቷ ካሱጋ ደግሞ ያደገችው ሲሳዩ ለአባትና ለወንድም በሚያደላበት ቤት ነው፤ ምግብ ቤት ገብታም ሴት በመሆኗ ሩዙ ተቀንሶ ይቀርብላታል። እርስዋም እንደ ሌላው ተመጋቢ እንዲደረግላት በጨዋ ቃል ትጠይቃለች። በዚያች በጎደለችው ጭልፋ ሩዝ ስንት ዘመን የቆየ ንቀት እንዳለ ነቃፊው ቢመዝን ኖሮ፣ «ምንም አልተደረገም» ለማለት ባልደፈረ ነበር።

እንግዲህ የሚወዱትን መናገር ቀርቶ ጠግቦ መብላት እንኳ የሚያስወቅሳቸው ሴቶች፣ ፍቅራቸውን በአንድ ማታ እንዲገልጡ ማን ይጠብቃል? በ2024 በታየው ሁለተኛው ዙር ነው የተነጋገሩት። ክፍሉ ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ረዘመብን የሚሉት ይህን ነው!

«ወዳጅነት ነው ብለን ብናልፈውስ?» የሚሉት ግን ይብሳሉ። ድራማው ራሱ ፍቅር ብሎታል። በታየባቸው ዓመታት የጃፓን ሕግ የሁለት ሴቶችን ጋብቻ አይቀበልም ነበር፤ የሳፖሮ አውራጃ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2021 ይህ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ፈርዷል። ለወዳጅነትማ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል?